ከዳር ሲያዩት ሁሉም ሻምፒዮን ነው!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቼዝ ነው። ቆይ! ቆይ! ገጹን አትግለጡት! "እኔ ቼዝ አልችልም" የምትሉ ሁሉ ከእኔ ጋር ናችሁ። እኔም ፈረስ እየዘለለ እንደሚሄድ ከማወቅ ብዙ አላለፍኩም። ደግሞም የምጽፍላችሁ ስለሚጫወቱት ሰዎች ሳይሆን ዳር ሆነው ስለሚያወሩት ነው። ማለትም ስለ እኔና ስለ እናንተ!

ነገሩ የሆነው ጠመንጃ ያዥ ነው። ሠፈሩን የማታውቁ ካላችሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ስሙን ስትሰሙት ጠመንጃ ተሸክሞ የሚጠብቅ ሰው ይታያችሁ ይሆናል። በዛሬው ዘመን ግን እኛ ሠፈር ሁሉም ሰው የያዘው ስልክ ነው። አልሞ የሚተኩሰውም በአፉ ነው። ዒላማውን ደግሞ አይስትም!

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት

ቀኑ ታህሳስ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከአንዲት ጀበና ቡና ሻጭ ዘንድ፣ ከዱካ በርጩማዎቹ ላይ ስድስት ሰባት ሆነን ተደርድረናል። "በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ምን ትሠራላችሁ?" ብላችሁ እንዳትጠይቁን አደራ። መልሱን ታውቁታላችሁ።

መሐላችን አንድ ስልክ በስኳር ዕቃ ተደግፎ ቆሟል። ስልኩ ውስጥ ሲንጋፖር ትታያለች። የዓለም የቼዝ ሻምፒዮና የመጨረሻው፣ 14ኛው ጨዋታ! እዚያ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ገና ስድስት ሰዓት ነው። በአንድ በኩል ሻምፒዮኑ ቻይናዊው ዲንግ ሊረን፣ በሌላ በኩል የ18 ዓመቱ ህንዳዊ ዶማራጁ ጉኬሽ። 13 ጨዋታ ተጫውተው 6 ነጥብ ተኩል ለ6 ነጥብ ተኩል ናቸው። የሽልማቱ ጠቅላላ ገንዘብ 2.5 ሚሊዮን ዶላር! (ባለ ቡናዋ ይህን ስትሰማ "ተቀምጦ ለመዋል?" ብላ ሲኒው ሊያመልጣት ነበር።)

ስርጭቱ በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ግን የራሳችን ኮሜንታተር አለን። የታክሲ ረዳት የሆነ ልጅ ነው። በዚያ ሳምንት መኪናቸው ጋራዥ ገብታ ነበርና ከእኛው ጋር ውሏል። ይህ ልጅ ቼዝን እንደ ኳስ ነው የሚያስተላልፈው። ወላጆቻችን ደምሴ ዳምጤ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የሴካፋን ዋንጫ ዚምባብዌን አሸንፋ ስትወስድ በሬዲዮ እንዴት እንዳስተላለፈው እየነገሩ አይደል ያሳደጉን? ረዳቱም ያን ሁሉ ወኔ ይዞ ቼዝ ላይ ወጣበት። አንድ ወታደር አንድ ቤት ፈቀቅ ባለ ቁጥር ጎል የገባ ይመስላችኋል። "ጉኬሽ... ጉኬሽ... አሁንም ጉኬሽ..." ይላል፤ ጉኬሽ ግን አገጩን ይዞ ቁጭ ብሏል፤ አልተንቀሳቀሰም!

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዘንድሮ የቼዝ ስርጭት ላይ ከሠሌዳው ጎን አንዲት ቀጭን ዘንግ ትቆማለች። ግማሿ ነጭ፣ ግማሿ ጥቁር ነች። እኛ "ሚዛኗ" እንላታለን። ኮምፒዩተሩ በየሰከንዱ ያሰላና ነጭ ከበለጠ ነጩን፣ ጥቁር ከበለጠ ጥቁሩን ከፍ ያደርገዋል። እኩል ከሆኑ መሐል ላይ ትቆማለች። በቃ፤ ቼዝ የማትችል እንኳ ብትሆን ማን እየመራ እንደሆነ ሚዛኗን አይተህ ታውቃለህ። ታዲያ ሚዛኗን እያየህ ለሦስት ሰዓት ቁጭ ካልክ ምን ትሆናለህ መሰለህ? ሊቅ!

"ኧረ ደደብ!"

ጨዋታው እየተገባደደ ነው። ጉኬሽ በአንድ ወታደር ይበልጣል፤ ሚዛኗ ግን መሐል አካባቢ ቆማለች። እኩል ይወጣሉ፤ በማግስቱ በአጭር ሰዓት ጨዋታ ይለያሉ ተብሎ ሁሉም ደምድሟል። ረዳቱ እንኳ ደክሞት ድምጹን ቀንሷል።

በ55ኛው እንቅስቃሴ ዲንግ ግንቡን (ሩኩን) አንስቶ አስቀመጠ። ሚዛኗ ዘጭ አለች! ነጩ ጠፋ፤ ዘንጓ ጥቁር ለበሰች።

እናንተ... ያን ጊዜ የተነሳውን ጩኸት ብትሰሙት! "ኧረ ደደብ!" አለ አንዱ። "እንዲህም አድርጎ ሻምፒዮን የለ! እኔ እንኳ አልሳሳትባትም!" አለ ሌላው። ይሄን ያለው ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት "ይሄ ፈረስ ወደ ኋላ መሄድ ይችላል እንዴ?" ብሎ የጠየቀን ነው። እኔስ? እኔም ስቄያለሁ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

ከጥግ በኩል አንድ ልጅ ነበር። ዝምተኛ ነው። ቡናውን ይዞ ሲያይ ነው የዋለው፤ ቃል አልተነፈሰም። ያኔ ነው ቀስ ብሎ፣

"እሱ እኮ ሚዛኗን አያያትም" ያለው።

ማንም አልሰማውም። እኔ ግን ሰማሁት። አባባሉ ደግሞ ስለ ዲንግ ብቻ አልመሰለኝም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ምን እንደተፈጠረ በአጭሩ ላስረዳ። የዲንግ ጳጳስ (ቢሾፑ) ጥግ ላይ ተወሽቆ ነበር። ግንቡን እዚያ ቦታ ሲያስቀምጠው ጉኬሽ በመጀመሪያ ግንቦቹን ማለዋወጥ፣ ቀጥሎ ደግሞ መሸሻ ያጣውን ጳጳስ በጳጳስ ማለዋወጥ ቻለ። ከዚያ የቀረው ንጉሥና ወታደር ብቻ ነው። ወታደር የሚበልጠው ደግሞ ጉኬሽ ነው። ዲንግ በ58ኛው እጁን ሰጠ። የ18 ዓመቱ ልጅ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። በቼዝ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ ያከራካሪ ያልሆነ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

አሁን ግን ዋናውን ስሙ! ጉኬሽ ከጨዋታው በኋላ ሲጠየቅ ምን አለ መሰላችሁ? ዲንግ ግንቡን ሲያንቀሳቅስ እሱም ወዲያው ስህተቱን አላየውም። ሌላ እንቅስቃሴ ሊያደርግ ተቃርቦ ነበር። ከሰከንዶች በኋላ ነው የጳጳሱ መያዝ የበራለት። እንግዲህ አስቡት! የዓለም ሻምፒዮኑ አላየውም፤ የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን ጥቂት የቀረውም ወዲያው አላየውም። ጠመንጃ ያዥ ጀበና ቡና ላይ የተቀመጥነው ግን አየነው። በምናችን? በዘንጓ!

ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ሩሲያዊው ቭላድሚር ክራምኒክ ሳይቀር የምናውቀው ቼዝ አበቃለት የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጽፎ ነበር። የሠፈር ሰው መቼም የሠፈር ሰው ነው፤ ትልቅ ሰው ሲደግመው ግን ይከብዳል።

ደወል የምትጮህበት ዘመን

ማታ ቤቴ ገብቼ "እሱ እኮ ሚዛኗን አያያትም" የምትለዋ ቃል አልወጣልህ አለችኝ። "ድሮስ? ይህቺ ዘንግ ከመምጣቷ በፊት ኮሜንታተሮች ምን ያደርጉ ነበር?" እያልኩ ማገላበጥ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1972፣ በእኛ 1964 ዓ.ም. ክረምት፣ አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸርና የሶቪየቱ ቦሪስ ስፓስኪ አይስላንድ፣ ሬይኪያቪክ ላይ ተገናኙ። የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነውና ዓለም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ላይ ሼልቢ ላይማን የሚባል ሰው ቀረበ። ካሜራ ከአይስላንድ ጨዋታውን አያሳየውም። ያለው ነገር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ሠሌዳና የሚለጠፉ ጠጠሮች ብቻ ናቸው። አዲስ እንቅስቃሴ ከአይስላንድ ሲደርስ ደወል ይጮሃል። ደወሉ እስኪጮህ ድረስ ግን ላይማንና እንግዶቹ ይገምታሉ። "ፊሸር አሁን ምን እያሰበ ይሆን? እኔ ብሆን ፈረሱን... አንተስ?" እየተባባሉ። ስርጭቱ ለሰዓታት ይቆያል። ቼዝ ነክቶ የማያውቅ ሕዝብ ሳይቀር ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጥፎ ዋለ።

ልዩነቱ ገባችሁ? ላይማን መልሱን አያውቀውም። ተጫዋቹ የሚያየውን ነው የሚያየው። ደወሉ ሲጮህና ግምቱ ሲሳሳት፣ "አሃ! ይህን ያደረገው ለምን ይሆን?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ "ደደብ!" አይልም። ምክንያቱም አብሮት ጨለማ ውስጥ ነዋ! ጨለማ ውስጥ አብሮህ ያለ ሰው ስትደናቀፍ አይስቅብህም፤ እጅህን ነው የሚይዝህ።

እኛ ግን መብራቱን ይዘን ከውጭ ቆመን፣ ጨለማው ውስጥ ያለውን ሰው "አይንህን አትገልጥም?" እያልን ነው።

ሳያልቅ ማለቅ

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ደግሞ ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1997፣ በእኛ 1989 ዓ.ም.፣ ኒውዮርክ። የዘመኑ ቁጥር አንድ ጋሪ ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉ ከሚባለው የአይ.ቢ.ኤም ኮምፒዩተር ጋር ስድስት ጨዋታ ገጠመ። ተጫዋቹ ከፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ተመልካቹ ከታች ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሆኖ በስክሪን ይከታተላል። መድረኩ ላይ ከነበሩት ኮሜንታተሮች አንዱ ጃማይካ የተወለደው ሞሪስ አሽሊ ነው። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ የመጀመሪያው ጥቁር የቼዝ ግራንድማስተር ሆኗል። ሲያስተላልፍ ደግሞ የእኛን ረዳት የሚያስንቅ ወኔ አለው!

በሁለተኛው ጨዋታ ካስፓሮቭ ተጨነቀ፣ ተጨነቀና እጁን ሰጥቶ ወጣ። አዳራሹም ተሸነፈ ብሎ ተቀበለ። በማግስቱ ግን የራሱ ሰዎች አንድ መርዶ ነገሩት፦ "ያ ጨዋታ እኮ አላለቀም ነበር! ንጉሡን በተደጋጋሚ እያስጨነቅክ እኩል መውጣት ትችል ነበር!" በዓለም ቁጥር አንድ የሆነው ሰው ማሽኑ ሁሉን አይቶ ጨርሷል ብሎ ስላመነ ፍለጋውን አቆመ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጨዋታ እኩል ወጡ፤ ስድስተኛውን ደግሞ በ19 እንቅስቃሴ ተሸንፎ ግጥሚያው 3 ነጥብ ተኩል ለ2 ነጥብ ተኩል አለቀ።

ይህን ሳነብ ያ ዝምተኛው ልጅ ትዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የጓሮ በር

ልጁ የ2016ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈታኝ ነበር። ያን ዓመት ውጤት ታስታውሳላችሁ አይደል? በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 100 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። እሱ ከ95ቱ ጋር ቀረ። ትንሽ ነው የጎደለው፤ ግን ጎደለው።

ከዚያ ጠመንጃ ያዥ በሙሉ ኮሜንታተር ሆነ! ባለ ሱቁ "ድሮም ኳስ ሲያበዛ አውቄው ነበር" አለ። የጎረቤት እትዬ እናቱን ሊያጽናኑ መጥተው "የእኔዋ ልጅ ግን እንዴት እንዳለፈች!" ብለው ሄዱ። አንድ ጋሼ ደግሞ "ፈተናው ቀላል ነበር አሉ" አሉ፤ ማን እንዳላቸው እንጃ። እኔስ ምን አልኩት መሰላችሁ? መንገድ ላይ አግኝቼው፣ "ፊዚክስ ነው ጉድ የሠራህ። እኔ ብሆን ሶሻል ነበር የምገባው" አልኩት። ይህን የምለው እኔ ማን ሆኜ ነው? አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚያው የቀረሁት! ውጤቱ ከወጣ በኋላማ ትክክለኛውን መልስ ማን ያጣዋል? ሚዛኗን አይቼ እኮ ነው!

ከዚያች ሐሙስ በኋላ ልጁን ይዤ ወደ ላይ ወጣ አልን። "ያቺ ያልካት ነገር ምን ማለትህ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ ግን ፈሰሰ። ከመስከረም ጀምሮ ከቤት የሚወጣው በጓሮ በር ነው። ለምን? በዋናው በር ከወጣ እስከ አስፋልቱ ድረስ አምስት ስድስት ሰው አስተያየት ይሰጠዋል። "እናቴ ዘንድ ሰው እንደ ለቅሶ ነው የሚመጣው። 'እግዜር ያጽናሽ' ለማለት ምንም አልቀራቸውም" አለኝ። ደግሞ እንደ ግል ተፈታኝ ለመመዝገብ አስቦ ነበር። ግን "ሁሉም አልቆልሃል ካለኝ አልቆልኛል ማለት ነው" ብሎ ትቶታል።

ካስፓሮቭ! አልኩ በሆዴ። ጨዋታው ሳያልቅ እጁን እየሰጠ ነው። ልዩነቱ ምንድነው? ካስፓሮቭን ያሳመነው ማሽን ነው፤ ይህንን ልጅ ያሳመነው ግን የእኛ አፍ ነው።

መስታወቱ የት አለ?

በትልልቅ የቼዝ ግጥሚያዎች ላይ ተመልካች ለተጫዋች አንዲት ቃል መናገር አይፈቀድለትም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የተናገረ ከአዳራሹ ይባረራል። በቅርብ ዓመታት የዓለም ሻምፒዮናዎች ላይማ ተጫዋቾቹ ድምጽ በማያሳልፍ መስታወት ውስጥ ነው የሚቀመጡት። እኛ እናያቸዋለን፤ እነሱ ግን አያዩንም፤ አይሰሙንም። ኮሜንታተሩ "አይ ይሄማ ስህተት ነው!" ብሎ ቢጮህ ተጫዋቹ ጆሮ አይደርስም። ለዚህ ነው ኮሜንታተርነት ንጹህ ሥራ የሆነው። ምላሱ ማንንም አይነካም።

ጠመንጃ ያዥ ግን መስታወት የለም! ቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው ያለን፤ እሱም ሹክሹክታ ያሳልፋል። ኮሜንታሪያችን በቀጥታ ሠሌዳው ላይ ያለው ሰው ጆሮ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ያውም ሊያስብ አንገቱን በደፋበት ሰዓት።

"ታዲያ የእኛ ባህል እኮ ነው፤ ሐበሻ ዳር ቆሞ ዝም አይልም" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። የአባቶቻችን ሰንጠረዥ እንደዚያ ነበር። ሰንጠረዥ የአገራችን ጥንታዊ ቼዝ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ ጽፈውለታል። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህን ጨዋታ አጥብቀው ይወዱ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ እንግሊዛውያን ተጓዦች መስክረዋል። ሠሌዳው እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ አይደለም፤ በመስመር ብቻ የተከፈለ ነው። ሲጀመር ደግሞ ተራ መጠበቅ የለም! የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህ "ወረራ" ይባላል። ዙሪያውን የተቀመጠውም ሰው ዝም ብሎ አያይም፤ ያወራል፣ ያሞግሳል፣ ይመክራል።

ግን አስተውሉ። በሰንጠረዥ ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ሠሌዳውን የሚያየው ተጫዋቹ በሚያይበት ዓይን ነው። መልሱን አስቀድሞ የሚነግረው ዘንግ የለውም። የሚመክረውም ጨዋታው ሳያልቅ፣ ገና መፍትሔ እያለ ነው። እኛ ከባህሉ የወሰድነው ወሬውን ብቻ ነው። ጨዋታው ላይ አብረን አልተቀመጥንም፤ ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ መጥተን "እኔ ብሆን..." እንላለን።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

ወገኖቼ፣ "አታውሩ" አልላችሁም። እኔም ካላወራሁ እታመማለሁ! ግን ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ለራሴ ያወጣኋቸው አራት ነገሮች አሉ፤ ብትሞክሯቸው አትጎዱም።

አንደኛ፣ ሚዛኑን ሸፍኑት። ሰው ሲሳሳት ከማየታችሁ በፊት "እኔ በዚያ ሰዓት፣ የሚያውቀውን ብቻ እያወቅኩ፣ ምን አደርግ ነበር?" በሉ። ጓደኛችሁ ከማይሆን ሰው ጋር ፍቅር ይዟት ተጎድታ ይሆናል። ዛሬ ልጁ አታላይ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያኔ ግን ስታስተዋውቃችሁ "ደስ ሲል!" ያላችሁት እናንተው አይደላችሁም እንዴ?

ሁለተኛ፣ "ደደብ" ከማለት በፊት "ምን አይቶ ነው?" በሉ። ዲንግ ግንቡን እዚያ ያስቀመጠው እብድ ስለሆነ አይደለም። ጠጠር ተለዋውጦ በሰላም እኩል ልውጣ ብሎ ነው። ከብዙ ስህተት ጀርባ አንድ ደህና ሐሳብ አለ። እሱን ያገኘ ሰው ነው መምከር የሚችለው።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱን እወቁ። ሰውዬው ገና እያሰበ ከሆነና ካልጠየቃችሁ፣ ዝም! ከጠየቃችሁ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁት አስቡ። ጨዋታው ካለቀ ደግሞ ቼዝ ተጫዋቾች ደስ የሚል ልማድ አላቸው፤ አሸናፊና ተሸናፊ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆነው ጠጠሮቹን መልሰው እየደረደሩ "እዚህ ጋ ምን ነበር ያሰብከው?" ይባባላሉ። ምክር ማለት ይኼ ነው። ሁለቱም ጠጠሩን ነክተውታል።

አራተኛዋ ለአንተ ነች፤ ሠሌዳው ላይ ላለኸው። መስታወት የሚሠራልህ ሰው የለም፤ ራስህ ሥራው። የሚወዱህን ሁለት ሦስት ሰዎች ምረጥና እነሱን ብቻ ስማ። ሌላው ከመስታወቱ ውጭ ይጩህ! ዲንግ ሊረን ከተሸነፈ በኋላ ዓለም ሁሉ እያወራበት ጋዜጠኞች ፊት ወጥቶ ተቀመጠ። በዚያ ዓመት ከተጫወታቸው ሁሉ ይህ የተሻለው እንደነበር፣ እንደማይቆጭና መጫወቱን እንደሚቀጥል ተናገረ። ይህ ሰው ከዚያ በፊት በድብርት ሲሰቃይ እንደቆየ በአደባባይ የተናገረ ነው። "ደደብ" ያልነው እሱን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ወደ ሠፈራችን ልመለስና ላብቃ። ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት። "ስለ ፊዚክሱ" አልኩት። ሳቀ። "አንተ እኮ ሒሳብም አታውቅም" አለኝ። ተገባኝ!

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀበና ቡናዋ ጋ አዲስ ጨዋታ ተጀመረ። ያለፉትን የሻምፒዮና ጨዋታዎች እንከፍታለን፤ ስልኩ ላይ ሚዛኗ ያለችበትን ቦታ በቁስል ፕላስተር እንለጥፍባታለን። ረዳቱ ያስተላልፋል፤ እኛ እንገምታለን። የተሳሳተ ቡና ይጋብዛል። ባለ ቡናዋ በጣም ተጠቅማለች፤ ምክንያቱም ሁላችንም ደጋግመን እንሳሳታለን! "ደደብ" የምትባል ቃል ከወጣችማ ቅጣቱ ሁለት ሲኒ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ "እኔ እንኳ አልሳሳትባትም" ያለው ሰውዬ አሥራ አንድ ሲኒ ከፍሎ ወደ ቤቱ ሄደ። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ዲንግ ክፉ ሲናገር አልሰማሁትም።

በግምት ማንም የማይስተካከለው ማን እንደሆነ ገምቱ። ያ ዝምተኛው! ቀስ ብሎ ያያል፣ ያስባል፣ "ይሄን ፈርቶ ነው" ይላል። ደግሞ ልክ ይሆናል። አሁን ረዳቱ ትንፋሽ ሲያጥረው ማይኩን (ማንኪያ ነች) ለእሱ ነው የሚሰጠው።

በጓሮ በር መውጣቱንም ትቷል። በግል ተመዝግቦ የ2017ቱን ፈተና ተቀመጠ። ከፈተናው በፊት የነበሩትን ሳምንታት ማናችንም ስለ ፈተና አንድ ቃል አላነሳንበትም። ከባድ ነበር፤ ምላሴ ተበልቷል!

"ውጤቱስ?" አላችሁ አይደል? አውቄያችኋለሁ! እኔም አልጠየቅኩትም፤ እሱ ራሱ ነገረኝ። ነግሮኝ ሲያበቃ "ጋዜጣህ ላይ እንዳትጽፈው" አለኝ። ስለዚህ አልጽፈውም። ጨዋታው የእሱ ነው።

እናንተም እስከ ሳምንት ድረስ አንድ ሰው ላይ ሚዛኗን ሸፍናችሁ ሞክሩት። ቸር ያገናኘን!